ኤቨረስት ቤዝ ካምፕ በእግር፦ ከቪዛው እስከ ሉክላ መልስ

ኔፓል ውስጥ ወዳለው ኤቨረስት ቤዝ ካምፕ፣ ተራራ ወጪዎች ከተራራው ሥር ወደሚሰፍሩበት ቦታ፣ መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ሎቡቼ የምትባል ሰፈር ላይ ነው የተመለስኩት። ከፍታው 4,940 ሜትር ነው። ቤዝ ካምፑ ለመድረስ የቀረኝ የአንድ ቀን መንገድ ነበር። እግሬ ምንም አልሆነም። ራሴን ግን ለሁለት ሊከፍለው ደረሰ፣ የበላሁት አልረጋ አለኝ፣ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አነጋሁት። ጥፋቴ አንድ ነው፦ ከሎቡቼ በፊት ባለችው ዲንግቦቼ ላይ ሁለት ሌሊት ማደር ሲገባኝ በአንዱ አለፍኩ። የዘለልኩት ደግሞ ጎብዤ ሳይሆን የመመለሻ ትኬቴ ቀን አልሰጥ ስላለኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሊሄዱ ያሰቡ ይጠይቁኛል፣ ሄደው ሳይደርሱ የተመለሱም ያጫውቱኛል። ብዙዎቹ የወደቁበት ቦታ የኔው ነው። «አዲስ አበባ ተወልደን አድገን ከፍታ ምን ያደርገናል» ይሉና የ12 ቀን ፈቃድ ወስደው ጉዞውን በሙሉ እዚያ ውስጥ ይጨምቁታል። ስለዚህ እዚህ ስለ ተራራው ውበት አላወራም። ምን በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ፣ የት እንደሚበላሽ፣ ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ ነው የምጽፈው።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል፦ ሰዓቶቹን በኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። ትኬታችሁ ላይ ያለው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ኔፓል ደግሞ ከኛ በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀድማል። አዎ፣ 45 ደቂቃ። ስልካችሁ ራሱ ያስተካክለው፣ እናንተ አታስሉ።

1. መንገዱንና ወራቱን ምረጡ

የምናወራው ስለ ኩምቡ መንገድ ነው፦ በአውሮፕላን ከሚደረስባት ከሉክላ ተነስቶ ቤዝ ካምፕ ደርሶ ወደ ሉክላ የሚመለስ፣ ደርሶ መልስ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ። በአጠቃላይ ያላችሁ ጊዜ ከ19 ቀን በታች ከሆነ ይህን መንገድ ተዉት። ላንግታንግ የሚባለውን ሌላ የኔፓል የእግር መንገድ ሂዱ። እዚያ በመኪና ይደረሳል፣ የአውሮፕላን ጣጣ የለም፣ የምታድሩበት ከፍተኛ ቦታ ኪያንጂን ጎምፓም 3,870 ሜትር ነው። ማፈሪያ አይደለም፤ እኔ መጀመሪያ ያንን ባደረግኩ ኖሮ።

መንገድ ላይ የሚታደርበት ቤት «ሻይ ቤት» ይባላል፣ የሰፈራችንን ሻይ ቤት ግን እንዳታስቡ። ይበልጥ የሚመስለው የክፍለ ሀገር አልጋ ቤት ነው። ሁለት ጠባብ አልጋ ያላት ክፍል፣ በስስ ጣውላ የተከፈለ ግድግዳ (ጎረቤት ሲያንኮራፋ አብራችሁ ታድራላችሁ)፣ ከታች ምድጃ ያለው የጋራ ምግብ ቤት። ድንኳንና ማብሰያ መሸከም የለም ማለት ነው።

ወራቱ ሁለት ናቸው። አንዱ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር፣ ሌላው ከመጋቢት እስከ ግንቦት አጋማሽ። የእነሱ ዝናብ ከኛ ክረምት ጋር ይገጥማል፣ ስለዚህ ከሰኔ እስከ ጳጉሜ አትሂዱ። ጭጋግ፣ አልቅት፣ የሚሰረዝ በረራ ነው የሚጠብቃችሁ። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ብርዱ ግን ላይኛው ሰፈር ሌሊት ከዜሮ በታች 20 ሊደርስ ይችላል፣ አንዳንዱ ቤትም ይዘጋል።

2. ቀናቱን ቁጠሩ

ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን ወረቀት ላይ ጻፉት። ቁጥሩ የምታድሩበት ከፍታ ነው።

ቀን 1፦ በረራ ወደ ሉክላ (2,860)፣ ከዚያ በእግር ወደ ፋክዲንግ (2,610)። ከ3 እስከ 4 ሰዓት የሚፈጅ መንገድ።
ቀን 2፦ ናምቼ ባዛር (3,440)። ከ6 እስከ 7 ሰዓት የሚፈጅ መንገድ፣ መጨረሻው ቀጥ ያለ ዳገት።
ቀን 3፦ ናምቼ። ወደ 3,880 ሜትር ወጥቶ መመለስ።
ቀን 4፦ ቴንግቦቼ (3,860)።
ቀን 5፦ ዲንግቦቼ (4,410)።
ቀን 6፦ ዲንግቦቼ። ከሰፈሩ በላይ ያለውን ጉብታ ወጥቶ መመለስ።
ቀን 7፦ ሎቡቼ (4,940)።
ቀን 8፦ ጎራክ ሼፕ (5,164)። ዕቃ አስቀምጦ ቤዝ ካምፕ (5,364) ደርሶ መመለስ።
ቀን 9፦ ለሊቱን ካላ ፓታር የሚባለውን ኮረብታ ወጥቶ ወደ ፌሪቼ መውረድ።
ቀን 10፦ ናምቼ።
ቀን 11፦ ሉክላ።
ቀን 12፦ በረራ።

በዚህ ላይ ካትማንዱ ውስጥ ለዝግጅት 2 ቀን ጨምሩ። ከዚያ 3 ባዶ ቀን ጨምሩ። ባዶ ማለቴ ምንም ያልተያዘበት ነው፦ አንዱ ለከፍታው፣ ሁለቱ ለሉክላ አየር። ከዓለም አቀፍ በረራው ጋር ከቤት እስከ ቤት 19 ወይም 20 ቀን ይሆናል። ይህን ያህል ፈቃድ ካላገኛችሁ ዓመቱን አሳልፉ እንጂ ቀኑን አትቁረጡ።

ለምን ቀን 3 እና ቀን 6 አይነኩም? ሕጉ ቀላል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ዛሬ የምታድሩበት ቦታ ትናንት ካደራችሁበት ከ500 ሜትር በላይ መብለጥ የለበትም፣ በየ3 ወይም 4 ቀኑ ደግሞ እዚያው ቦታ ሁለተኛ ሌሊት ማደር ያስፈልጋል። ከላይ ያለውን ዝርዝር ብታዩት ከፋክዲንግ ወደ ናምቼ ያለው ዝላይ 830 ሜትር ነው፣ ናምቼ ሁለት ሌሊት የሚታደረውም ለዚህ ነው። ከቴንግቦቼ ወደ ዲንግቦቼ፣ ከዲንግቦቼ ወደ ሎቡቼ ያለውም ከ500 ትንሽ ያልፋል። ስለዚህ እነዚህ «የዕረፍት ቀን» የሚባሉት ዕረፍት አይደሉም። ሥራቸው ሌላ ነው። ቀን ላይ ከፍ ብላችሁ ወጥታችሁ ማታ ዝቅ ብላችሁ ታድራላችሁ፣ ሰውነት በዚያ ይለምዳል። ተኝቶ መዋል አይቆጠርም።

አሁን ስለ አዲስ አበባ። ከተማችን 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሉክላ ማለት በከፍታ ደብረ ብርሃን ነው። ስለዚህ እስከ ናምቼ ድረስ ፈረንጁ ሲያለከልክ እናንተ ታልፉታላችሁ፣ በዚህም ትታለላላችሁ። ዲንግቦቼ ግን ከራስ ዳሽን ጫፍ (4,550) የሚያንሰው በ140 ሜትር ብቻ ነው፣ እዚያ ላይ ሁለት ሌሊት ትተኛላችሁ፣ ከዚያ ደግሞ ገና ትወጣላችሁ። እዚያ ላይ አዲስ አበቤነት አያድንም። ዱባይ፣ ሪያድ፣ ቴል አቪቭ ወይም ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩት ደግሞ ያ ትንሽ ጥቅምም የላችሁም። ከፍታ ላይ የተወለደ ሰው ዝቅተኛ ቦታ ጥቂት ሳምንት ሲኖር ልምዱ ይጠፋል። ለቤተሰብ ጥየቃ አዲስ አበባ የምትመጡ ከሆነ አንድ ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ከዚያ መሄድ ጥቂት ይረዳል፣ ቀን ለመቀነስ ግን ሰበብ አይሁናችሁ።

3. ፓስፖርትና ቪዛ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ኔፓል ቪዛ ኤርፖርት ላይ ይሰጣል» የሚባለው ለአብዛኛው ዓለም እውነት ነው፣ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን አይሠራም። ኢትዮጵያ ቪዛ ቀድመው ማውጣት ካለባቸው ጥቂት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ስለዚህ፦

መጀመሪያ፣ ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ከኔፓል ኤምባሲ ጋር ጀምሩ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ዕድለኛ ናችሁ፤ አቡ ዳቢ፣ ሪያድ፣ ዶሃ፣ ኩዌትና ሌሎቹም ጋ ኤምባሲ አላቸው።

ሁለተኛ፣ የ30 ቀኑን ቪዛ ጠይቁ። የ15 ቀኑ ርካሽ ነው፣ ግን ከላይ የቆጠርነውን አይሸፍንም።

ሦስተኛ፣ ቪዛው ሳይወጣ የማይመለስ ትኬት አትቁረጡ። በሕንድ በኩል የምታልፉ ከሆነ ሁለቱ በረራ በአንድ ትኬት ላይ መሆኑን አረጋግጡ። በተለያየ ትኬት ከሆነና ሻንጣ አውጥታችሁ እንደገና ማስገባት ካለባችሁ የሕንድ ቪዛም ያስፈልጋችኋል። የቢጫ ወባ ካርዳችሁንም አትርሱ።

የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት የያዛችሁ ካትማንዱ ስትደርሱ ታወጣላችሁ። 30 ቀኑ 50 ዶላር ነው፣ በጥሬው ያዙ።

4. ኢንሹራንስና ገንዘብ

ተራ የጉዞ ኢንሹራንስ አይጠቅምም። ውሉ ላይ ሁለት ነገር በጽሑፍ ፈልጉ፦ እስከ 6,000 ሜትር የእግር ጉዞ የሚሸፍን፣ በሄሊኮፕተር ማውረድን የሚሸፍን። ብዙ ውል 3,000 ወይም 4,000 ሜትር ላይ ያቆማል። ሄሊኮፕተር በራስ ኪስ ከሆነ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። የኢንሹራንሱን የድንገተኛ ስልክ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ፓስፖርት ውስጥ ክተቱ፣ ስልክ በብርድ ይሞታልና።

ገንዘቡን በዶላር ይዛችሁ ካትማንዱ ላይ ወደ ኔፓል ሩፒ መንዝሩ። ብር እዚያ ማንም አይመነዝርላችሁም። ለምግብና ለአልጋ በቀን ከ35 እስከ 50 ዶላር የሚሆን አስቡ፣ ከፍ ባላችሁ ቁጥር ይወደዳል፤ አንድ ሻይ ጎራክ ሼፕ ሲደርስ የሉክላውን ብዙ እጥፍ ነው፣ የተሸከመው ሰው ጀርባ ነውና አትከራከሩ። ኤቲኤም ሉክላና ናምቼ አለ፣ ግን መብራት ይጠፋል፣ ገንዘብ ያልቅበታል፣ ካርድ ይመልሳል። እንደሌለ ቁጠሩት።

ፈቃዱ ሁለት ነው። አንዱ የሳጋርማታ (ኔፓሎች ኤቨረስትን የሚጠሩበት ስም ነው) ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ሲሆን ለውጭ ዜጋ 3,000 ሩፒ ነው፣ ታክስ ይጨመርበታል። ሌላው የአካባቢው ወረዳ የሚያስከፍለው ነው፣ እሱንም ከ2,000 እስከ 3,000 ሩፒ አስቡት። ሁለቱም መንገድ ላይ ይከፈላሉ፦ የወረዳው ሉክላ፣ የፓርኩ ከፋክዲንግ በኋላ ያለችው ሞንጆ ላይ።

5. ጋይድና ተሸካሚ

ከ2023 ጀምሮ በኔፓል ያለ ጋይድ መሄድ ክልክል ነው የሚል ደንብ ወጥቷል፣ የኩምቡ አስተዳደር ግን እኛ ጋ አይሠራም ብሎ ነበር። ካትማንዱ ስትደርሱ የወቅቱን ጠይቁ። የኔ አስተያየት፦ መጀመሪያችሁ ከሆነ ጋይድ ያዙ። መንገዱ አይጠፋም፣ ጋይድ የሚያስፈልገው ራሳችሁን ሲያማችሁ «ምንም አልሆንኩም» ስትሉ የሚያይላችሁ ሰው እንዲኖር ነው። በሰው አፍ ብቻ አትቅጠሩ። የቀን ክፍያው፣ ምግቡ፣ ኢንሹራንሱ ማን ላይ እንደሆነ በጽሑፍ ተስማሙ።

ተሸካሚ ከያዛችሁ ከ20 ኪሎ በላይ አታሸክሙት። ለሁለት ሰው አንድ ይበቃል። የክረምት ጃኬቱንና ጫማውን ከመነሳታችሁ በፊት በዓይናችሁ እዩ። ሸራ ጫማ አድርጎ 5,000 ሜትር የሚወጣ ልጅ አይቻለሁ፣ የቀጠሩት ሰዎች የላባ ጃኬት ለብሰው ከፊት ከፊት ይሄዱ ነበር።

6. ሥልጠና፣ ሦስት ወር

በሳምንት ሁለት ቀን ከ7 እስከ 8 ኪሎ ቦርሳ ተሸክማችሁ እንጦጦን ውጡ። በሳምንት መጨረሻ አንድ ረጅም የ5 ወይም 6 ሰዓት ጉዞ፣ ወጨጫ ወይም ወንጪ ጥሩ ነው። ዋናው መውረዱ ነው። ሰው ሳንባውን ያሠለጥንና በመልሱ ጉልበቱ ይከዳዋል። ደረጃ ውረዱ፣ በቀስታ፣ ደጋግማችሁ። ዱባይ ያላችሁ የፎቁን ደረጃ ተጠቀሙ።

ፍጥነት አታሠልጥኑ። ሩጫ የለመደ ሰው ከፍታ ላይ የሚታመመው ብዙ ጊዜ ስለሚቸኩል ነው።

7. ዕቃ

ጠቅላላው ከ12 ኪሎ አይለፍ፣ የሉክላ አውሮፕላን የእጁን ጨምሮ 15 ኪሎ ነው የሚፈቅደው።

ጫማውን ከአገራችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ቢያንስ ሁለት ወር የተረገጠ ይሁን። አዲስ ጫማ አድርጎ መውጣት ማለት ናምቼ ላይ ተረከዝ ተልጦ ፕላስተር መፈለግ ማለት ነው። እጅ ሻንጣ ውስጥ ወይም እግራችሁ ላይ ይሁን፤ ሻንጣ ቢጠፋ ሌላው ሁሉ ካትማንዱ ታሜል ሰፈር ይገኛል፣ የለመዳችሁት ጫማ ግን አይገኝም።

ስሊፒንግ ባግና የላባ ጃኬት ካትማንዱ ታሜል ውስጥ ይከራያል። ስሊፒንግ ባጉ ከዜሮ በታች 10 ወይም 15 የሚችል ይሁን። ስትከራዩ ዚፑን ከላይ እስከ ታች ክፈቱና ዝጉት፣ አሽትቱት፣ ላባው አንድ ቦታ ተከማችቶ እንደሆነ ዳብሱት።

ጥጥ አትያዙ። ጋቢ ምን ቢሞቅ ከረጠበ አይደርቅም፣ ክብደቱም አይቻልም። ከውስጥ ቶሎ የሚደርቅ፣ ከላዩ ፍሊስ፣ ከዚያ ጃኬት፣ ከሁሉም በላይ ንፋስና ዝናብ የሚመልስ። ሁለት ጓንት፣ አንዱ ስስ አንዱ ወፍራም። ኮፍያ። የአንገት መሸፈኛ፣ ይህኛው ለአፍም ነው፤ ደረቁ ቀዝቃዛ አየር «የኩምቡ ሳል» የሚሉትን ያመጣል፣ በጨርቅ ውስጥ መተንፈስ ያቀልለዋል።

የግንባር ባትሪ። ጥሩ የፀሐይ መነጽርና ቅባት፣ በረዶ ላይ ፀሐይ ከታችም ነው የምትመጣው። ሁለት ምርኩዝ። ሶፍት፣ ብዙ ሶፍት፣ መጸዳጃ ቤት ውስጥ አታገኙም። የውኃ ማጣሪያ ኪኒን። ፓወር ባንክ። የፈላ ውኃ የሚችል የአንድ ሊትር ኮዳ፣ ማታ ሙቅ ውኃ ሞልታችሁ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ እግራችሁ ሥር ታደርጉታላችሁ፣ ጠዋት ትጠጡታላችሁ።

ከቤት በሶና ቆሎ ያዙ። ቀልዴን አይደለም። የአካባቢው ነዋሪዎች የሸርፓ ሰዎችም የተቆላ ገብስ ዱቄት ከሻይ ጋር ይበላሉ፣ ጻምፓ ይሉታል። በሶ ስበጠብጥ ያየችኝ የቤቱ ባለቤት እጄን ይዛ የራሷን ዱቄት አሳየችኝ። የምግብ ፍላጎት 4,500 ሜትር ላይ ሲጠፋ በሶ ይዋጣል።

8. ወደ ሉክላ መብረር

የሉክላ ማረፊያ ሜዳ 527 ሜትር ብቻ ነው፣ ያውም ተዳፋት። አውሮፕላን የሚያርፈው ዓይን ሲያይ ብቻ ነው። ጭጋግ ካለ በረራ የለም።

በደራው ወቅት አብዛኛው በረራ ከካትማንዱ አይነሳም። ራሜቻፕ ከምትባል ቦታ ነው የሚነሳው፣ በመኪና 4 ወይም 5 ሰዓት። ስለዚህ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ላይ ከሆቴል ትወጣላችሁ። ትኬቱን ስትገዙ «ከየት ነው የሚነሳው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ የማውቀው ልጅ ሳይጠይቅ ካትማንዱ ኤርፖርት ሄዶ ቆሟል።

የመጀመሪያውን የጠዋት በረራ ያዙ። ከረፋዱ በኋላ ንፋስ ይነሳል።

ቢሰረዝስ? በመጀመሪያው ቀን ጠብቁ፣ ባዶ ቀናችሁ ለዚህ ነው። በሁለተኛው ቀን ከሌሎች ተጓዦች ጋር ተካፍላችሁ ሄሊኮፕተር ጠይቁ። በሦስተኛው ቀንም ካልሆነ ኩምቡን ተዉትና በመኪና ወደ ላንግታንግ ዙሩ። የጠፋውን ቀን ከዲንግቦቼ ላይ ቆርጬ እተካዋለሁ አትበሉ።

9. መንገድ ላይ

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ተነሱ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ግቡ። ከሰዓት ደመና ይወጣል፣ አልጋም ያልቃል።

አረማመዱ፦ አፍን ዘግቶ በአፍንጫ መተንፈስ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ሰው ይለፋችሁ። የናምቼ ዳገት፣ ከትልቁ ተንጠልጣይ ድልድይ በኋላ ያለው 600 ሜትር፣ በዚህ ፍጥነት 2 ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ ይፍጅ።

ያክ (ጸጉራሙ የተራራ በሬ) ወይም የጫነ በቅሎ ሲመጣ ወደ ተራራው ጥግ ተጠጉ፣ በገደሉ በኩል በጭራሽ አትቁሙ። ጭነቱ ገፍትሮ ይጥላል። እንስሳ የገባበት ድልድይ ላይ አትግቡ። የጸሎት ድንጋይና ስቱፓ (የቡድሂስቶች የጸሎት ሐውልት) ስታገኙ በቀኛችሁ አድርጋችሁ እለፉ፣ የአካባቢው ሥርዓት ነው።

ቴንግቦቼ ያለ አልጋ ከሞላ 20 ደቂቃ ወርዳችሁ ዴቡቼ እደሩ፣ እንዲያውም ይሞቃል። በቀን 7 ሎቡቼ ሳትገቡ ቱክላ (4,620) ስትደርሱ ራሳችሁን ፈትሹ። ራስ ምታት ካለ እዚያው እደሩ። እኔ እዚህ ቦታ ላይ ሻይ እየጠጣሁ «ትንሽ ነው» ያልኩት።

10. ሻይ ቤት ውስጥ

የምታድሩበት ቤት እራትና ቁርስ ትበላላችሁ። አልጋው ርካሽ የሆነው ለዚህ ነው፣ ሌላ ቤት ሄዶ መብላት ነውር ነው። እንደገባችሁ እራት እዘዙ፣ ወጥ ቤቱ አንድ ነው።

ዳል ባት ብሉ። ሩዝ፣ ምስር ወጥ፣ አትክልት ነው፣ ሲያልቅ ይጨመርላችኋል። በዐቢይ ጾም የምትሄዱ ተቸገርን አትበሉ፣ ይህ ምግብ ጾም ነው፣ «በቅቤ ሳይሆን በዘይት» በሉ እንጂ። ከናምቼ በላይ ሥጋ አትብሉ፣ የጾመም ያልጾመም። እዚያ አካባቢ ከብት አይታረድም፣ ሥጋው ከታች በሰው ጀርባ ቀናት ተጉዞ ነው የሚመጣው።

ማሞቂያው የምግብ ቤቱ ምድጃ ብቻ ነው፣ ላይ ላይ የሚነደውም ኩበት ነው። መኝታ ክፍል ማሞቂያ የለም። ስልክ ማስሞላት፣ ዋይፋይ፣ ሙቅ ሻወር ሁሉም ይከፈልበታል። ከናምቼ በላይ ሻወሩን ተዉት፣ እርጥብ ፀጉር ይዞ መተኛት በብርድ ያንቀጠቅጣል። ባትሪዎችን ይዛችሁ ተኙ፣ ብርድ ያፈስሳቸዋል።

በቀን 3 ሊትር ያህል ጠጡ። አልኮልና የእንቅልፍ ኪኒን እስክትወርዱ የለም።

11. የከፍታ ሕመም ሲመጣ

ይህን ክፍል ጋይዳችሁም አብሮ የሚሄደው ጓደኛችሁም ያንብበው።

ቤዝ ካምፕ ላይ የምትስቡት ኦክስጅን ባሕር ወለል ላይ ካለው ግማሽ ያህል ነው። ጥያቄው ይሰማኛል አይሰማኝም አይደለም፣ ሲሰማችሁ ምን ታደርጋላችሁ ነው።

ቀላሉ፦ ራስ ምታት፣ ከእሱ ጋር ማቅለሽለሽ፣ ድካም ወይም ማዞር። ከፍታ ላይ ሳላችሁ ራስ ምታት ሲመጣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ የከፍታ ነው ብላችሁ ያዙት። ባላችሁበት ቁሙ። ውኃ ጠጡ፣ ፓራሲታሞል ውሰዱ፣ እዚያው እደሩ። ጠዋት ከለቀቃችሁ ቀጥሉ። ካለቀቃችሁ ሌላ ሌሊት ጨምሩ። ከባሰ ውረዱ። ምልክት ይዞ ወደ ላይ መውጣት የለም፣ አንድ ሜትርም።

አደገኛው አንድ፣ አንጎል፦ ሰውየው እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል፣ ንግግሩ ይምታታል፣ እንግዳ ጠባይ ያሳያል። መፈተሻው ቀላል ነው። መሬት ላይ መስመር አስምሩና ተረከዙን ከጣቱ እያገጠመ ይሂድበት። ካልቻለ ጊዜ የለም።

አደገኛው ሁለት፣ ሳንባ፦ ቁጭ ብሎ እያረፈም ያለከልካል፣ ይስላል፣ ደረቱ ውስጥ የሚፈላ ድምፅ አለ፣ አክታው ሮዝ አረፋ ሊሆን ይችላል።

በሁለቱም ሁኔታ የሚደረገው አንድ ነው፦ አሁኑኑ ማውረድ። ሌሊት ቢሆንም፣ ብርድ ቢሆንም። ቢያንስ ከ500 እስከ 1,000 ሜትር። ብቻውን አይሂድ፣ ቦርሳ አይሸከም። ኦክስጅን ያለው ቤት ካለ ስጡት፣ ግን ኦክስጅኑ የመውረዱ ምትክ አይደለም። ፌሪቼ ላይ በወቅቱ ሐኪሞች ያሉበት የሂማላያ ሬስኪው አሶሲዬሽን ክሊኒክ አለ፣ ከ1973 ጀምሮ የሚሠራ። ከሰዓት በኋላ ለተጓዥ ስለ ከፍታ ገለጻ ይሰጣሉ። ዲንግቦቼ በምታድሩበት ሁለተኛ ቀን ጉብታውን ተሻግራችሁ ሄዳችሁ ስሙት፣ ቅርብ ነው።

ዳያሞክስ የሚባለው ኪኒን ሰውነት ቶሎ እንዲለምድ ይረዳል። ለመከላከል የተለመደው መጠን 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ፣ በተለይ የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለባችሁ። ጣት ያደነዝዛል፣ ሽንት ያበዛል። ቤታችሁ ሳላችሁ አንድ ሁለት ቀን ሞክሩት፣ 5,000 ሜትር ላይ አዲስ ነገር አይሞከርም። ኪኒኑ ቀን ለመዝለል ፈቃድ አይሰጥም።

ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ የያዘ ሰው ማታ ማታ ቁጥር ያወዳድራል። ጎራክ ሼፕ ላይ 80 ማየት የተለመደ ነው። ቁጥሩን ሳይሆን ሰውየውን እዩት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ። ቀላል ራስ ምታት ይዟችሁ «ቶሎ ሄሊኮፕተር ልጥራ፣ ኢንሹራንስ ይከፍላል» የሚል ሰው ካገኛችሁ ተጠንቀቁ። በዚህ ኮሚሽን የሚበላ አለ። በእግራችሁ መውረድ የምትችሉ ከሆነ በእግራችሁ ውረዱ። የማትችሉ ከሆነ ግን መጀመሪያ ኢንሹራንሱ ጋ ደውሉ፣ የጉዳይ ቁጥር ተቀበሉ፣ ከዚያ ይጠራ። ሳታስፈቅዱ ከበረራችሁ ሂሳቡ እናንተ ላይ ሊቀር ይችላል። አንገብጋቢ ከሆነ ደግሞ ሕይወት ይቅደም።

12. የመጨረሻው ሁለት ቀንና መልሱ

ጎራክ ሼፕ ላይ አንድ ሌሊት ብቻ እደሩ። እንቅልፍ አይጠበቅም። ከቤዝ ካምፑ ኤቨረስት በደንብ አይታይም፣ ይህን ሳያውቁ ሄደው የተናደዱ አሉ። ተራራውን የምታዩት ከካላ ፓታር (5,545) ነው። ከለሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ትነሳላችሁ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የመምረጥ ጉልበት ካላችሁ ካላ ፓታርን ምረጡ፣ ቤዝ ካምፕ ድንጋይና በረዶ ነው።

ከዚያ በዚያው ቀን ፌሪቼ ድረስ ውረዱ። መውረድ ሲጀመር ሰው ይዘናጋል፣ ቁርጭምጭሚት የሚወለቀውም ያኔ ነው። ምርኩዙን ትንሽ አስረዝሙት።

ሉክላ በረራችሁ ከመሆኑ በፊት ባለው ቀን ከሰዓት ድረሱና ቲኬታችሁን በዚያው ማታ አረጋግጡ። የምታድሩበት ሻይ ቤት ባለቤት ብዙ ጊዜ ይሄንን ያደርግላችኋል። የጋይድና የተሸካሚውን ጉርሻ እዚያ ማታ፣ ለየራሳቸው፣ በእጃቸው ስጡ።

በረራው ከተሰረዘ ወረፋው እንደገና ከመጀመሪያ አይቆጠርም ብላችሁ አትተማመኑ። የዛሬ ተሳፋሪዎች ቀድመው ይሄዳሉ፣ እናንተ በቀረ ወንበር ነው። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በር ላይ ቁሙ፣ ሻንጣችሁ ተመዝኖ ይጠብቅ፣ ሦስት አራት ሰው ካገኛችሁ ሄሊኮፕተር ስለመካፈል ከረፋዱ በፊት ተነጋገሩ፤ ደመናው አንዴ ከገባ ሄሊኮፕተሩም አይነሳም። ከካትማንዱ ወደ አገር የሚመልሳችሁን በረራ ከሉክላው ቢያንስ ሁለት ቀን ያራቃችሁት ለዚች ጠዋት ነው።